ሠርጉና ጠንቋይዋ ንግሥት

ክሱ የቀረበው ሠርጉ ሊደርስ ዐሥራ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ከሳሿ የሙሽራው እናት፣ በአገሩ አጠራር ማናንግ ማለትም እትዬ ሶሌዳድ ነበሩ። ተከሳሿ ሙሽራዋ ሉዝቪሚንዳ ናት፤ ሰው ሁሉ ሚንዳ ይላታል።

በፓናይ ደሴት፣ በወንዙ አፍ ላይ ባለችው ከተማ፣ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አባላት ዘወትር ዓርብ በቴሌቪዥን የሚተላለፈውን የጠንቋይ ድራማ እንዳያዩ ከተከለከሉ አምስት ወር ሆኗቸዋል። ደንቡ አጭርና ግልጽ ነው፦ ድራማውን ያየ አባል ለስድስት ወር ከጌታ ራት ይታገዳል፤ በእነዚህ ወራት በቤተ ክርስቲያኒቱ ጋብቻ አይፈጸምለትም።

ከክልከላው ነጻ የተደረጉት ማናንግ ሶሌዳድ ብቻ ናቸው። ጠላትን አንድ ሰው ማወቅ አለበት ተብሎ ስለ ታመነ፣ እያንዳንዱን ክፍል አይተው በደብተር ይመዘግባሉ፤ በረቡዕ የሴቶች ጸሎትም እህቶችን ያስጠነቅቃሉ። የጸሎቱ ተሳታፊዎች ቁጥር በእነዚሁ ወራት ከዐሥራ አንድ ወደ አርባ ከፍ ብሏል። ፓስተር ኤልፒዲዮ ይህን በሪፖርታቸው «የመነቃቃት ምልክት» ብለውታል።

ሙሽራው ጆማር መርከበኛ ነው። በወሩ መጨረሻ ለዐሥር ወር ወደ ባሕር ይመለሳል። ሠርጉ አሁን ካልሆነ ለዓመት ያህል አይሆንም፤ እናቱ ደግሞ በዓመት ውስጥ ብዙ ነገር ሊለወጥ እንደሚችል አልደበቁም። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ልጅ ገና አላገባችም።

ጉዳዩ የታየው እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ጀርባ ባለው አዳራሽ ነው። ፓስተሩ መሐል ተቀመጡ። በስተቀኛቸው ቃለ ጉባኤ ያዡ ሽማግሌ ማኖንግ ማለትም ጋሼ ቲቡርሲዮ፣ በስተግራቸው ማናንግ ሶሌዳድ ከነደብተራቸው ሆኑ።

«በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማኋት!» አሉ ማናንግ ሶሌዳድ። «ገበያ መሐል፣ ሽሪምፕ እየላጠች፣ ለአምስት ሴቶች ትተርካለች። ንግሥቲቱ እህቷን ወፍ አደረገቻት ትላለች! ሥጋ ሻጩ ጋ ቴሌቪዥን አለ፤ ከዚያ ውጭ ከየት ታመጣዋለች?»

«እማዬ፣ ተይ እንጂ» አለ ጆማር። «ሚንዳ ቤቷ የት እንደሆነ ታውቂያለሽ። የመብራት ምሰሶው ካበቃበት ማዶ፣ ከዓሣ ኩሬዎቹ ዘንድ። በዝናብ እንኳ ታንኳ ቀዝፋ ረቡዕ ጸሎት አትቀርም። ከፊት ወንበር ተነቃንቃ አታውቅም ያልሽኝ አንቺው ነሽ።»

«ይሁዳስ የት ነበር የተቀመጠው? ከኋላ ነው?» አሉ እናቱ።



ፓስተሩ እጃቸውን አነሡ። ድምፃቸው የአባት ነበር።

«ልጄ ሚንዳ፣ ቴሌቪዥን አይተሻል ወይ ብለን አንጠይቅሽም። አላየሁም ካልሽ ውሸት ይጨመርብሻል፤ በአንድ ቀን ሁለት ኃጢአት ልናሸክምሽ አንፈልግም። የምታውቂውን ብቻ ንገሪን።»

«የማውቀውን ሁሉ?»

«ሁሉንም።»

ሚንዳ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ጀመረች። ንግሥት ሲራና እንዴት ዙፋን ላይ እንደ ወጣች፣ እህቷን በምን ድግምት ወፍ እንዳደረገቻት፣ ወፏ የማንን መስኮት እንዳንኳኳች በቅደም ተከተል ተናገረች። ማናንግ ሶሌዳድ ደብተሩን እየገለጡ በጣታቸው ተከተሏት። አንድም ነገር አልሳተችም።

«ከዚያ ቀለበቱን በግራ እጇ ወደ ባሕር ወረወረችው...»

«በቀኝ እጇ ነው» አሉ ማኖንግ ቲቡርሲዮ።

ሁሉም ዞረው አዩአቸው።

«የልጅ ልጆቼ ሲያወሩ የሰማሁ መሰለኝ» አሉና ወደ ቃለ ጉባኤያቸው አቀረቀሩ።

ማናንግ ሶሌዳድ ገጹን ፈለጉ። «ግራ ይላል። እኔ የጻፍኩት ግራ ነው። ልጅቷ ልክ ናት፤ ይብላኝላት!»

ሚንዳ ቀጠለች። ወፏ ከጎጆው አመለጠች ካለች በኋላ ግን ቆመች።

«እዚህ ላይ የሁለት ሳምንቱን አላውቅም። ከዚያ በኋላ ያለውን አውቃለሁ።»

«ሰኔ ላይ መሆኑ ነው» አሉ ማናንግ ሶሌዳድ። «እሱን እኔም ማረጋገጥ አልችልም። ልጄ ወልዳ ኢሎኢሎ አራስ ጥየቃ ሄጄ ነበር፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ እንኳን ድራማ፣ ዜናም አላየሁ።»

«ሁለት ሳምንት ተጸጽታ ነበር ማለት ነው» አሉ ፓስተሩ በሐዘኔታ። «ከዚያ ተመልሳ ወደቀች። ቲቡርሲዮ፣ መዝግቡት።»

ማኖንግ ቲቡርሲዮ መዘገቡ።

«ታሪኩን ትወጂዋለሽ?»

«አዎ፣ ፓስተር» አለች ሚንዳ። «አንዳንዴ ቀዘፋ ላይ ሆኜ፣ ንግሥቲቱ ቀጥሎ ምን ታደርግ ይሆን እላለሁ። ይህ ኃጢአት ከሆነ ይቅር በሉኝ።»

ጆማር ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ማናንግ ሶሌዳድ ደብተራቸውን ዘጉ።

ፓስተሩ ለአፍታ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ማስረጃው የተሟላ ነበር፤ እሳቸው ግን የልጅቷ ቅንነት ልባቸውን ነክቶታል።

«እውነቱን ስላልደበቅሽን አንድ ዕድል እንሰጥሻለን» አሉ። «ይህ መርዝ ዳግመኛ እንዳይደርስብሽ ምን ታደርጊያለሽ? አንድ ቁርጥ ያለ ነገር በፊታችን ቃል ግቢ። ቃልሽን ከጠበቅሽ ሠርጉ በቀኑ ይሆናል። ካልሆነ ስድስት ወር ነው።»

«እሷ ናት ቁርጥ ያለ ነገር የምትናገረው!» አሉ ማናንግ ሶሌዳድ።

ማኖንግ ቲቡርሲዮ ብዕራቸውን አዘጋጁ። ሚንዳ ጥቂት አሰበችና ቀና አለች።

«እሺ፣ ፓስተር፤ ከእንግዲህ ማናንግ ሶሌዳድ ሊያስጠነቅቁን ሲነሡ፣ እኔ ወደ ውጭ እወጣለሁ።»