ሦስት ጣት

የሰፈሩ ዳቦ መጋገሪያ ደጃፍ ላይ ቆማ የተጋገረላት ዳቦ የተደረደረበትን ጣውላ ጨርቅ ገለጥ አደረገችው። ሁሉም ሊጡን ከቤቱ አምጥቶ እዚህ ስለሚያስጋግር፣ ዳቦው እንዳይምታታ በየቤቱ ምልክት አለ፤ የእሷ ቤት ምልክት ሦስት ጣት ነው፤ ሊጡን በጣቶቿ ሳትጫን ወደ ምድጃ ልካ አታውቅም። እነዚህ ዳቦዎች ላይ ግን ያለው ሁለት ጣት ብቻ ነበር። ተራ የምትጠብቀውን ጎረቤቷን በጎን አየቻት።

"ሩቂያ፣ ዳቦዬን የት አደረግሽው?"

"በነቢዩ! ደግሞ ጀመረሽ? የኔ ምልክት በብርጭቆ አፍ የታተመ ክብ አይደለም እንዴ?"

"ምልክት መለወጥ ያቅትሻል?"

"እትዬ፣" አላት ጋጋሪው ከምድጃው አፍ፣ "ውስጥ የቀረ ዳቦ የለም።"

ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሁሉ ይዩልኝ ብላ እጇን ምልክቱ ላይ አሳረፈች። ሁለቱ ጣቶቿ ልክክ አሉ። ከክረምት ወዲህ አልዘረጋ ያላት የቀለበት ጣቷ ግን ዳቦውን ሳይነካ ቆልመም ብሎ ቀረ። ሸፍና መሄድ ትችል ነበር። አልሸፈነችም።

"የኔው ነው። ጣቴ አርጅቶ አንቺን ጠረጠርኩ። ከዛሬ ጀምሮ ምልክቴ ሁለት ጣት ነው፣ ሁላችሁም ስሙ።"

"ምላስሽስ መቼ ነው የሚያረጀው?" አለች ሩቂያ።

"ዛሬ ጀምሯል" አለቻት፣ ትኩሱን ዳቦ ቆርሳ እየዘረጋችላት።