ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለው በርጩማ

የሮጡትን ሩጫ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ከተቻለ ሁለት ዓመት ሆነው። ስምረት በየማለዳው ሮጣ ስትመለስ የእጅ አምባሯን ከአባቷ አምባር ጋር ታነካካለች። ብርታቱ ለታመመው የአባቷ ልብ ይሄዳል፤ ለእሷ ድካሙ ብቻ ይቀራል።

ዛሬ አባቷ አቶ ይርዳው አምስት ኪሎ ድንች ተሸክመው አራት ፎቅ ያለ እረፍት ወጡ። ሲያልፉ ግን ሦስተኛው ፎቅ ላይ የገዛ ወጥ ቤታቸውን በርጩማ አዩት።

"በርጩማችን ደረጃ ላይ ምን ይሠራል?" አሏት ስምረትን ቤት እንደገቡ።

"ስወጣ አረፍ የምልበት ነው፣ አባዬ።"

ወርደው በርጩማውን አምጥተው ቦታው መለሱት።

በማግስቱ ስትነቃ አባቷ ቤት አልነበሩም። በላብ ተጠምቀው ተመለሱና አምባራቸውን ዘረጉላት።

እጇን ሰበሰበች። "ልብህስ?"

"አሳድገሽዋል እኮ" አሉ። "አሁን ራሱን ይቻል።"