አንደኛ ማርሽ

መካኒኩ የመጨረሻውን ብሎን አጥብቆ ከመኪናዋ ስር ወጣና የእህቱን ባል ከእግር እስከ ራሱ ገላመጠው። ጭቃ ሲያይ ሱሪውን የሚሰበስብ ሰው፣ መኪናዋን ለመሳፈር መሰላል እስኪያስፈልግ ሰቅሏታል፤ ዛሬ ደግሞ ወፍራም የኋላ አክስል አስጭኖ መጥቶ "ይቀየርልኝ" ብሎ ድርቅ አለ።

"ጋሼ፣ ይሄ ነገር አልተገለበጠም?" አለ አማቹ አጎንብሶ እያየ።

"ከፍታ አማረኝ ያልከው አንተ አይደለህ? መኪናዋን የሚሸከመው ባሌስትራ ከአክስሉ በላይ እንዲያርፍ እኔው ገልብጬ ነው የገጠምኩት። አርፈህ ንዳ፤ እሱንም ከቻልክ!"

አማቹ ተንጠላጥሎ ገባና ሞተሩን አስነሳ። መኪናዋ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ተንፏቀቀች።

"አንደኛ ማርሽ እኮ ነው ያስገባሁት፣ ጋሼ።"

"እህቴን ለማን ነው የሰጠናት!" አለ መካኒኩ፣ ክንዱን ይዞ እየጎተተ ሲያወርደው። "ዞር በል! ሰው ሲነዳ እይ።"

ራሱ መኪናዋ ላይ ወጣ። አንደኛ ማርሽ አስገባና የጋራዡን በር ፊት ለፊት እያየ ነዳጁን ረገጠው። ከኋላው የገዛ ግድግዳው ተደረመሰ። የተገለበጠው አክስል ጎማዎቹንም በግልባጭ ነበር የሚያሽከረክራቸው።

አቧራው ሲገለጥ አማቹ ወደ መስኮቱ አንጋጠጠ። አልሳቀም።

"ጋሼ፣" አለ በትህትና፣ "የኋላ ማርሽ ያስገቡ፤ ወደ ፊት ይወጣሉ።"