ነጎድጓዱ ሳይጮህ የመጣ ቀን

ቀለም ነጋዴውን ሰፈሩ ሁሉ «ነጎድጓዱ» ይለዋል። ስሙን ያወጣችለት መኪናው ናት። ባለ ሁለት በር ቀይ መኪና ናት፤ በጉብዝናዋ ዘመን የሚቀድማት አልነበረም፤ አሁን ግን የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ ተበልቶ ጭሱንም ጩኸቱንም አንድ ላይ ትተፋለች። ከዳቦ ቤቱ ጥግ ስትታጠፍ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ መደርደሪያው ላይ ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይንኳኳሉ። ዜና የሚያዳምጥ ሰው ቀሪውን ነገ ከጋዜጣ ያነባል።

እሱ ግን በድምፅዋ የመጣበትን ሰው አይወድም። «ሞተሩ ካልተሰማ ምኑን መኪና ሆነ? ጋሪ ነው እንጂ» ይላል።

ሚስቱ ሙሽራ ሳለች ትነጫነጭ ነበር። ራሴን አመመኝ፣ ጎረቤት ታዘበን፣ አሠራው ስትል ከርማ፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ ጭራሽ ተወችው። ሰው መቼም የማይለምደው ነገር የለም፣ አለ ባል በሆዱ።

የቤቱ ሐዘን ሌላ ነው። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ሦስት ዓመት ሲሆናት አፈ ጮሌ ነበረች፤ አባቷ ሲገባ በር ላይ ትቀበለውና የቀኑን ወሬ አንድ ሳታስቀር ታራግፍለታለች። አንድ ቀን «ዛሬ ሰውዬ መጣ፤ እማዬ ውሃ ሰጠችው» አለችው። ኋላ ሲጣራ ሰውዬው የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ሆኖ ተገኘ፤ ነገሩም በዚያው አለፈ። መከራ ሲመጣ ተያይዞ ነውና ያን ሰሞን ሚስት ደረጃ ላይ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ወዲያው ደግሞ የልጅቷ አንደበት ተዘጋ።

ያልታየችበት ሐኪም ቤት የለም። ጆሮዋ ደህና፣ ጉሮሮዋ ደህና። አባት ከረሜላ ይዞ ከፊቷ ይንበረከካል።

«አባዬ በይኝ፣ የኔ እመቤት። አንዴ ብቻ።»

ልጅቷ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። እሱም እንባው ሲመጣበት ፊቱን ያዞራል። ለዚያች አንዲት ቃል ሱቁንም መኪናውንም ይሰጥ ነበር፤ ይህን ሲል አይዋሽም።

የመጨረሻው ሐኪም «እስቲ ቤቱ ጸጥ ይበል፤ ያ ሞተር እንኳን ልጅ አዋቂም ያስበረግጋል» አሉት። ቅር እያለው ለሚስቱ ነገራት።

«ማርሚታውን ላስቀይረው ነው።»

የያዘችው ሳህን ከእጇ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። «ምን በወጣህ! ተወው፣ ለምደነዋል። ደግሞ ከዳቦ ቤቱ ስትታጠፍ እየሰማሁ ነው እኮ ራትህን የማሞቀው።»

«ራሴን አመመኝ ስትይ የኖርሽው አንቺ አይደለሽም?»

«አሁን ተሽሎኛል» አለች ሳታየው።

የጥርጣሬ ትል ሆዱ የገባው ያን ዕለት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እሱ ደግሞ ባለመጠርጠር ታምቶ አያውቅም። ማስተዋል ጀመረ። እሱ ሲገባ ቤቱ ጭጭ ይላል። ሚስቱ ፊት ላይ ግን ገና ያልበረደ ሳቅ አለ፤ እሱን ስታይ ቶሎ ብላ ትውጠዋለች። ለማን ስትስቅ ነበር? ከመናገር ከቀረችው ልጅ ጋር ይህን ያህል የሚያስቅ ጨዋታ ከየት ይመጣል?

ጎረቤታቸው አሮጊት ከአጥር ማዶ ሆነው ነገሩን ጨረሱት።

«ልጄ፣ ቀን ቀን ቤታችሁ ጨዋታው ደርቷል። እንግዳችሁ ማናቸው?»

«የምን እንግዳ?»

«እኔ ምን አውቄ! ይህ ጆሮዬ ቃሉን አይለይልኝም። አንዱ ያወራል፣ ሚስትህ ትስቃለች። ያ መኪናህ ብቅ ሲል ታዲያ ጸጥ!»

በማግስቱ በጠዋት ጋራዥ ገባ። በያጁ የተበላውን ማርሚታ በመዶሻው ነካ ነካ እያደረገ ሳቀበት።

«ዛሬ ምን ነካህ? ይህችን ድምፅ ካልሰማሁ እህል አይበላልኝም ስትል አልነበር?»

«አንዲት አይጥ ልይዝ ነው።»

«እሱስ ልክ ነህ። ድመት አንገቷ ላይ ቃጭል አስራ አይጥ ይዛ አታውቅም።»

ከሰዓት በኋላ፣ ማንም በማይጠብቀው ሰዓት ከዳቦ ቤቱ ጥግ ታጠፈ። መኪናዋ ተነፈሰች እንጂ አልጮኸችም። መስታወቱ ንቅንቅ አላለም። ጫማውን በእጁ ይዞ፣ በሩን ቀስ ብሎ ከፍቶ፣ ኮሪደሩን በእግር ጣቱ ጫፍ አለፈ።

ከመኝታ ቤቱ ድምፅ ይሰማል።

በሩ ላይ ጆሮውን ለጠፈ። እንግዳው መጀመሪያ በከንፈሩ ቡርርር እያለ ያችን መኪና አጓራ። ከዚያ ድምፁን ጎርነን አድርጎ «ማነው እዚህ የገባው? ተናገሪ!» አለ። ቃሉ የባልየው ነው፤ አነጋገሩም ሳይቀር የሱ ነው። ሚስት «ወይኔ ሆዴን!» እያለች በሳቅ ትንፈራፈራለች።

በገዛ ቤቱ፣ በገዛ አልጋው አጠገብ መሳቂያ አድርገውታል! በልጁ ፊት! እሷ መቼም አይታ የማትናገር መሆኗን ያውቃሉ።

በሩን በርግዶ ገባ። ሚስቱ ወለሉ ላይ እንደ ተቀመጠች ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ልጅቷ አጠገቧ ቆማለች። የሱ ኮት እግሯ ሥር ወድቋል፤ ለካ ኮቱንም ሲለብሱለት ኖረዋል! ከአልጋው ሥር አጎነበሰ። ቁም ሳጥኑን ከፈተ፣ መጋረጃውን ገነጠለ። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው፤ ድመት እንኳ አያሾልክም።

«የት ደበቅሽው?»

«ማንን?»

«አሁን ሲያወራ በጆሮዬ የሰማሁትን ነዋ! ማነው የመጣው? ተናገሪ!»

የሚስት አንድ እጇ ሳታስበው ሄዶ ያኔ የተሰበረውን ክንዷን ያዘ። እሱም ቡጢውን አነሳ።

«አባዬ» አለች ልጅቷ፣ «ዛሬ ማንም ሰውዬ አልመጣም።»