ነፋስ ያነሳው ኖታ

የመዘምራኑ ሰብሳቢ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በሩ አልዘጋ ስላለ ክፍት ሆኖ እንደሚውል ለምእመናኑ በይፋ አስታወቁ። ከዘማሪዎቹ አንዷን፣ ነርሷን ሰገነትን፣ ያስጨነቃት ግን ሌላ ነበር። በጀርመን አገር ዕድሜያቸውን ሙሉ ኦርጋን ሲጫወቱና መዘምራን ሲመሩ የኖሩት ሽማግሌ፣ ወደ ሞጣ ከተማ በገቡ ማግስት፣ «ኖታ የማያነብ አይዘምርም» ስላሉ፣ ዘማሪው ሁሉ በአንድ ቀን አንባቢ ሆኖ ነበር። እሷም መዝሙሩን ከስልኳ በቃሏ አጥንታ፣ ወረቀቱ ላይ እንደ ምሁር ታፈጥ ነበር።

መዝሙሩ መሃል ነፋስ በበሩ ገብቶ የሽማግሌውን ኖታ ከኪቦርዱ አንስቶ እግሯ ሥር ጣለው። ጣቶቻቸው አንዴም አልተደናቀፉም። «አንሺላቸው እንጂ» አለቻት አጠገቧ የቆመችው። አንስታ መለሰችላቸው። እሳቸውም ትክ ብለው እያዩት ቀጠሉ።

የኖታው የጀርመንኛ ርዕስ መዘቅዘቁን ያየችው ያኔ ነው። ላቃናው ብላ እጇን ስትዘረጋ፣ «ተይው ልጄ» አሏት በቀስታ፣ መጫወታቸውን ሳያቋርጡ፣ «እኔም በቃሌ ነው።»

ከኋላዋ የዘማሪዎቹ ወረቀቶች አንድ በአንድ ሲታጠፉ ተሰማ።