ገመዱን የያዘችው ፕሮቲን

መክሊት የገመዶቹን ጫፍ አንድ ላይ ቋጥራ ወገቧ ላይ አሰረችና የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። “ቁጭ ብለሽ ልትጎትቺኝ?” ብሎ አንለይ ከወዲያኛው ጫፍ ሳቀባት። ደብረ ኤልያስ ውስጥ በጉልበት የሚስተካከለው ተማሪ አልነበረም። ጨዋታው ግን የባዮሎጂ ትምህርት ነበር። መሀል ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው እጅ ለእጅ የተያያዙት ልጆች ክሮሞሶሞች ናቸው፤ ከየወገባቸው የተነሳው ገመድ ወደ ሁለቱ ጫፎች፣ በሚከፈለው ሴል ሁለት ዳር ወዳሉት ሴንትሮሶሞች ይሄዳል። መክሊት የደረሳት ማንም ያልፈለገው ድርሻ ነበር፤ ገመዶቹን ጫፉ ላይ አጥብቆ የሚይዘው ፕሮቲን። “በየሰውነታችን አለ፤ እሱ ከለቀቀ ሴሉ በትክክል አይከፈልም” ብለው ነበር መምህሩ። ቅድም በመጀመሪያው ዙር ይህን ድርሻ ይዞ የነበረው ልጅ ገመዱን ሲለቅ ሁሉም አንለይ ላይ ተከመሩ፤ አንለይም “አሸነፍኩ!” ብሎ ጨፈረ።

“ሳቡ!” አሉ መምህሩ። ገመዱ ወገቧን ቆረጣት። መክሊት ተረከዟን እርጥቡ አፈር ውስጥ ቀበረች። “ልቀቂ! ልቀቂ እንጂ!” እያለ አንለይ ፊቱ በርበሬ እስኪመስል ጎተተ። እሷ አልጎተተችም፤ አለመልቀቅ ብቻ ነበር ሥራዋ። ድንገት የተያያዙት እጆች በአንዴ ተላቀቁ። ከየጥንዱ አንዱ ወደ አንለይ፣ አንዱ ወደ መክሊት እየተንደረደረ መጣ።

መምህሩ ግራ ቀኙን ቆጠሩ፤ እኩል ነው። “ማን አሸነፈ?” ብለው ጮኹ። አንለይ ከወደቀበት ተነስቶ ወደ እሷ ተመለከተ። “ማንም አላሸነፈም!” አለና ቅድም ሲያሸንፍ ከጨፈረው አብልጦ ዘለለ፤ ሜዳውም አብሮት ጮኸ። መምህሩ “በቃ፣ ፍቺው” ቢሏትም፣ መክሊት ገመዱን ለመፍታት አልቸኮለችም።