ፈቃድ የሚጠብቁ

«ሃያ ደቂቃ ቀርቶሻል፣ እትዬ። ኑዛዜ ካለሽ አሁን ነው» ትላለች ታናሽ እህቷ፣ ላፕቶፑን ገና መቀስ ባልነካው ሱፍ ጨርቅ ላይ ዘርግታ።

ልብስ ሰፊዋ እጅጌ ጃኬት ላይ እያያዘች ነበር። በከንፈሯ የያዘቻቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ ታወጣለች። «አትቀልጂ። የብሎጌ ጽሑፎች ወረዱ?»

«ወርደዋል። የቀሩት አስተያየቶቹ ናቸው።»

ብሎጉ «ስፌትና ሐሜት» ይባላል። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ደንበኛ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ሲለካ ያየችውን፣ ከወር በኋላ «ጨርቁ በራሱ ጠበበ» ብሎ ሲሟገት የሰማችውን፣ ስም ሳትጠራ ጽፋበታለች። ብሎጉን በነጻ ያኖረላት ድርጅት ዛሬ ስድስት ሰዓት ሲሞላ ይዘጋል። «ውድ ተጠቃሚዎቻችን» የሚል ደብዳቤ ልኳል፤ ውድነታቸው እስከ እኩለ ቀን ነው።

እህቷ የአርባ ሰከንድ ቪዲዮ ሠሪ ናት። ሠላሳ ሺህ ሰው ይከተላታል፤ ወዴት እንደምትሄድ ግን እሷም አታውቅም።

«ይሄ ጠማማው የሚሉት ሰውዬ ግን ምን በድለሽው ነው? በየድሮው ጽሑፍ ሥር ይሰድብሻል። ‹እጅጌ መግጠም ያቃታት ሴት ስለ ሰው ሆድ ታወራለች።›» ወደ ስክሪኑ ትጠጋለች። «ቆይ ቆይ። ይሄኛው ስድብ በራስሽ ስም ነው የተጻፈው።»

የልብስ ሰፊዋ ፊት ፍም ይመስላል። «አንድ ቀን መለያ መቀየር ረስቼ ነው።»

«ጠማማው አንቺ ነሽ?»

«ምን ላድርግ? ሰው አንብቦ ዝም ይላል። ጠብ ካለ ይሰበሰባል ብዬ ነዋ። ተሰበሰበም፤ ሁለት ሰው እኔን ደግፎ ተከራክሯል።»

«እኔን በነጻ የሚሰድቡኝ አራት መቶ አሉ። አንቺ ስድብሽንም በልክሽ ሰፍተሽ ለበስሽ።»

ጥግ ላይ ባሏ ሱሪ ይተኩሳል። ሱቁ የሁለቱ ነው፤ እሷ ትለካለች፣ ትሰፋለች፤ እሱ ይቆርጣል፣ ይተኩሳል። ስለ ብሎጉ የጠየቀው ሰው ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «እኔ የማነበው ጨርቅ ነው። ይኼው ነው።» ነገሩን ሁሉ የሚያስረው በዚህች ቃል ነው። የጋብቻ ጥያቄውም «አብረን እንኑር፤ ይኼው ነው» ነበር።

«እዚህ ጋ ደግሞ ‹ፈቃድ የሚጠብቁ› ይላል። ሁለት መቶ ምናምን።»

«የክብደት መቀነሻ ክኒን ማስታወቂያ ነው። እየገባ ሲያስቸግረኝ እኔ ሳልፈቅድ ምንም እንዳይወጣ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ከፍቼው አላውቅም። ተይው።»

«ያልተፈቀደ አይወርድም። አብሮ ነው የሚጠፋው።» እህቷ ትከፍተዋለች። «ክኒን… ክኒን… የፀጉር ማሳደጊያ… ጠማማው። ክኒን… ጠማማው። ዘጠኝ አሉ። ለራስሽም ፈቃድ ከለከልሽ?»

«እኔ አይደለሁም። ጠማማውን ያኔውኑ ጡረታ አውጥቼዋለሁ።»

«ቀኑ እኮ… እጅሽን የቆሰልሽ ጊዜ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ጃኬቱን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። ሰባት ዓመት ሆነው። ቀኝ እጇ ከጣቶቿ እስከ ክርኗ ታስሮ ሁለት ወር ተኝታለች። ሐኪሙ «መርፌ መያዝሽን እንጃ» ካላት በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ከሰው ጋር ማውራት ትታ ነበር።

እህቷ ታነባለች፤ ድምጿ ከቀልዱ ወጥቷል። «‹ሳምንት ሆነሽ። የምሰድበው ሰው አጣሁ። ይኼው ነው።›»

ካውያው ሱሪው ላይ መሄዱን ያቆማል።

«‹ዛሬ አንዲት ሴትዮ መጥታ ቀሚሴ በራሱ ጠበበ አለችኝ። ብቻዬን ሳቅኩ፤ ብቻ ሲስቁት ግን አያስቅም። ይኼው ነው።›» ታናሽየዋ ገጹን ወደ ታች ትገፋለች። «የመጨረሻው ይሄ ነው፤ ‹ስለ እጅጌ ያልኩትን ሁሉ አንስቻለሁ። ብቻ ተነሺ። ስትነሺ መልሼ እሰድብሻለሁ። ይኼው ነው።›»

«አንተ» ትላለች ልብስ ሰፊዋ፣ ዞራ ሳታየው። «ፓስወርዱን ከየት አመጣኸው?»

«ከልኬት ደብተሩ። እንደ ደንበኛ መዝግበሽው የለ? ጠማማው፤ ትከሻ ዘጠና፣ ደረት አሥር፣ የሱሪ ቁመት ሦስት። ልቆርጥለት ሁለት ቀን ታገልኩ። እንደዚያ ያለ ሰው የለም፤ ቁጥሮቹ ፓስወርድ መሆናቸው ያኔ ገባኝ። ስሙን ደግሞ አውቀዋለሁ።»

«ስሙን ከየት ታውቀዋለህ?»

ባልየው ካውያውን ያቆመዋል። «አነብ ነበራ።»

«እና ለምን ዝም አልክ?»

«እኔ መቼ ዝም አልኩ? ዘጠኝ ጊዜ ጻፍኩልሽ። መልስ ሳጣ ጊዜ አይተሽ ዝም ያልሽኝ መሰለኝ። ልቧ ካልፈቀደ አልጨቅጭቃት ብዬ ተውኩት።»

ሰባት ዓመት። በአንድ ጠረጴዛ እየበሉ፣ አንዱ የቆረጠውን ሌላው እየሰፋ።

«አራት ደቂቃ» ትላለች እህቷ በቀስታ።

ልብስ ሰፊዋ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ትስበዋለች። ጠባሳው በተጋደመበት ቀኝ እጇ አንዱን ትፈቅዳለች። ቀጥሎ ሁለተኛውን። ክኒኖቹን እየዘለለች ዘጠኙንም ትፈቅዳለች። እህቷ ፋይሉን ታወርዳለች፤ ብዙም ሳይቆይ ገጹ እንደ አዲስ አቡጀዲ ነጭ ይሆናል። ታናሽየዋ ልማድ ሆኖባት ስልኳን ለመቅረጽ ታነሣለች፤ ሁለቱን ታያቸውና መልሳ ኪሷ ትከተዋለች።

«እሰድብሻለሁ ብለህ ነበር» ትላለች ልብስ ሰፊዋ።

ባልየው ጃኬቱን ያያል። አንገቱን ዘንበል አድርጎ በደንብ ያየዋል።

«ግራው እጅጌ ዞሮብሻል» ይላል። «ይኼው ነው።»

እሷም ስፒሎቹን አንድ በአንድ እየነቀለች በከንፈሯ ትይዛቸዋለች፤ ከንፈሯ ግን በፈገግታ አልገጥም እያለ፣ አንዱ ስፒል ወለሉ ላይ ይወድቃል።